ለሚዛንና ለቴፒ የልዩ ፍላጎት መምህር ከየት ይምጣ?

መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል፣ በቴፒና በበበቃ ዙሪያ ባለው ቆላማ የቡና ምድር ፍሬው መቅላት ይጀምራል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ በየኪ፣ በጉራፈርዳና በደቡብ ቤንች ወረዳዎች የመማሪያ ክፍሎች ይሳሳሉ። ልጁ ቅርጫቱን ይዞ ከእናቱ ጋር ለቀማ ይወርዳል። ጥር ሲገባ አብዛኛው ይመለሳል፤ የማይመለስም አለ። ከእነዚህ ሌላ ግን ቡናው ቢደርስም ባይደርስም፣ መስከረምም ይሁን ጥር፣ ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት ደርሰው የማያውቁ ልጆች አሉ። ዓይናቸው የማያይ፣ ጆሯቸው የማይሰማ፣ የአእምሮ እድገታቸው ከእኩዮቻቸው የዘገየ ልጆች ናቸው። ስማቸው መዝገብ ላይ ስለሌለ "ቀሪ" ተብለው እንኳ አይጠሩም።

የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ አኃዞችም ከዚህ የራቀ ነገር አይናገሩም። በአገር አቀፍ ደረጃ ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች መካከል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተገኙት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደረስ ደግሞ ከመቶው ጥቂቶች ብቻ ይቀራሉ። ይህ አዲስ አበባን ጨምሮ የወጣ አማካይ ነው። ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ጫካና ገደል ያለበት ቀበሌ ውስጥ ነገሩ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም።

ጉዳዩ በስብሰባ ላይ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ "ወላጅ ልጁን ይደብቃል" የሚል ነው። እውነትነት አለው። አካል ጉዳትን እንደ ርግማን የሚቆጥር ቤተሰብ ዛሬም አለ። ነገር ግን አንድ አባት የሰውን ዓይን ችሎ፣ መስማት የተሳናትን የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ ከሚዛን ወጣ ያለ ቀበሌ ትምህርት ቤት ቢመጣ ምን ይገጥመዋል? ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ይሁን። ልጅቷ ትመዘገባለች፤ የፊት ወንበርም ይሰጣታል። መምህርቷ ስልሳ ልጆች ፊት ቆማ "ሀ" ስትል ስልሳውም "ሀ" ይላሉ፤ ልጅቷ የጓደኞቿን አፍ ታያለች። ከሰሌዳው ትገለብጣለች፤ ጽሑፏም ያምራል። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሯ ሞልቷል፤ ከጻፈችው ውስጥ ግን አንዲቷንም ቃል አታውቃትም። በሁለተኛው ዓመት አባትየው "ለቀማው ላይ ብታግዘኝ ይሻላል" ይላል። ማን ይፈርድበታል? በመምህርቷም አይፈረድም። የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ ያስተማራት የለም።

ጥያቄው ወደ መምህራን ሥልጠና የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። የቤንች፣ የሸኮ ወይም የሸካ ወጣት መምህር ለመሆን በየት በየት ያልፋል?

በካፋ ክፍለ ሀገር ዘመን መልሱ ቀላል ነበር፤ መንገዱ ወደ ጅማ መምህራን ማሠልጠኛ ይወስድ ነበር። በኋላ በድሮው የደቡብ ክልል ሥር የአዋሳ፣ የአርባ ምንጭ፣ የሆሳዕናና የቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሥራውን ተከፋፈሉት። ክልሉ ራሱ ሲከፋፈል ኮሌጆቹም አብረው ተከፋፈሉ። አዋሳ ወደ ሲዳማ ሄደ፤ ሆሳዕና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አርባ ምንጭ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀሩ። በኅዳር 2014 ለተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከአራቱ የደረሰው የቦንጋው ነው። የክልል ክፍፍሉ ሲወራ ስለ መቀመጫ ከተማና ስለ በጀት ብዙ ተብሏል። አንዱ ኮሌጅ የያዘው ባለሙያና የትምህርት ክፍል ሌላው ጋ ስለማይገኝ ምን ይደረግ የሚለው ግን እምብዛም አልተነሳም።

በዚህ መንገድ የሚሄደው ወጣት ሦስት ዓመት ተምሮ በዲፕሎማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ይሆናል። ቀድሞ መግቢያው አሥረኛ ክፍል ነበር፤ የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ ወደ አሥራ ሁለተኛ ተሸጋግሯል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስተማር የሚፈልገው ደግሞ በዩኒቨርሲቲ በኩል ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚዛን ሰው የሚያውቀው ዓይነት የመንገድ ሥራ አለ፤ ተሠርቶ ሳያልቅ ይቆፈራል። በ1996 አካባቢ "ቴሶ" በሚል ስም የመምህራን ሥልጠናው ሁሉ እንደ አዲስ ተዋቀረ። በ2003 ደግሞ ያ ቀርቶ፣ ተማሪው መጀመሪያ የትምህርት ዓይነቱን በዲግሪ ይጨርስና የማስተማር ሙያን አንድ ዓመት ይጨምርበት ተባለ። ፒጂዲቲ የሚባለው ይህ ነው። አሁን ደግሞ የትምህርቱን ይዘትና የማስተማር ሙያውን ጎን ለጎን የሚያስኬደው የቢኤድ ፕሮግራም እየተመለሰ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት አቅጣጫ ማለት ነው። በሦስቱም ጊዜ የተከራከሩት "ስንት ዓመት ይማር?" እና "የቱ ይቅደም?" በሚለው ላይ ነበር። መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚያገኘው ልጅ ማን እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ብዙ ያልተወራለት የክረምት ትምህርት። በሥራ ላይ ያለ መምህር ሐምሌና ነሐሴ ሻንጣውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እየተመላለሰ ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ያሳድጋል። በጭቃ መንገድ፣ በዝናብ፣ ደመወዙን ለሁለት ከፍሎ ቤተሰቡንም ራሱንም እያኖረ የሚማር ሰው ነው። በአገሪቱ የመምህራን ሥልጠና ውስጥ ጽናት የሚታየው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ልዩ ፍላጎትስ? የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ነበር። የልዩ ትምህርት መምህራን ሥልጠና በመደበኛው የመምህራን ሥልጠና ውስጥ ይሰጣል ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሁሉም መምህር ይወቀው ማለት ነው። በተግባር ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ኮርስ ሆኖ ቀረ። ሠልጣኙ ስለ አካቶ ትምህርት ትርጉም፣ ስለ ጉዳት ዓይነቶችና ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ያጠናል፤ ይፈተናል፤ ያልፋል። ብሬል በጣቱ ሳይነካ፣ በምልክት ቋንቋ "ስምሽ ማነው?" ብሎ መጠየቅ ሳይችል ይመረቃል። ዋናን በጽሑፍ ተፈትኖ ያለፈ ሰው ወንዝ ሲገባ የሚሆነውን ነው የሚሆነው።

በዚህ ሙያ ጠለቅ ብሎ መማር የሚሻ ራቅ ብሎ መሄድ አለበት። ሰበታ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ጭምር ለዓመታት የልዩ ፍላጎት መምህራን የሠለጠኑባት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለው፤ በ2000 ደግሞ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሙያውን ተክለው ካሳደጉት ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ ናቸው፤ በኋላም የአገሪቱን የትምህርት ፍኖተ ካርታ ጥናት የመሩት እሳቸው ነበሩ። ዲላና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም የትምህርት ክፍሉ አላቸው። አገሪቱ ሙያውን አታውቀውም ሊባል አይችልም፤ ችግሩ እውቀቱ ቡናው ያለበት ድረስ አለመውረዱ ነው።

ፊንላንድ ከተነሳች አንድ ነገር ማየት ይጠቅማል። እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የልዩ ትምህርት መምህሩ መደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ይመደባል። ማንበብ ያቃተውን፣ ቁጥር የጠፋበትን ልጅ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለብቻው ወስዶ ይረዳውና ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። በኢትዮጵያ ሲሠራበት የኖረው በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይህ መንገድ ፍሬ አላፈራም ማለት አይደለም። የ2017 እ.ኤ.አ. የ"ራይት ላይቭሊሁድ" ተሸላሚዋ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ የተማረችው ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ነው። ከአማራ ሳይንት ተነስታ ሻሸመኔ ድረስ መሄድ ነበረባት። የሻሸመኔም የሰበታም የሆሳዕናም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ባይኖሩ ስንት ሰው ይጠፋ ነበር! ነገር ግን አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚቀበለው የተወሰነ ነው። የጉራፈርዳ አርሶ አደር ደግሞ ምንም ቢሆን የስድስት ዓመት ልጁን በአውቶቡስ አሳፍሮ ቀናት በሚወስድ መንገድ ለመላክ ቢያመነታ አይገርምም።

ተምሮ የሚመለስ ሰው ሲገኝስ? እዚህ ላይ ነው አሳዛኙ ነገር። በብዙ ወረዳዎች የመምህራን መደብ የሚፈቀደው በትምህርት ዓይነትና በክፍል ብዛት ነው፤ ሒሳብ ሁለት፣ እንግሊዝኛ ሁለት፣ እየተባለ። የልዩ ፍላጎት መምህር የሚል መደብ ከሌለ ተመራቂው ሲመጣ የሚሰጠው የጎደለ ክፍለ ጊዜ ነው። ሥነ ዜጋ ያስተምራል፤ ወይም ቢሮ ውስጥ "ፎካል" ይባልና ሪፖርት ይጽፋል። ሦስትና አራት ዓመት የተማረው ብሬል ከእጁ ይጠፋል። ይህን ያየ ሌላ ወጣት ያንን የትምህርት ክፍል ለምን ይመርጣል?

"መደበኛ መምህር እንኳ ሳይሟላ፣ መጽሐፍ ለአምስት እየታደለ ስለ ልዩ ፍላጎት ማውራት ቅንጦት ነው" የሚሉ አሉ። ክርክሩ ተራ ክርክር አይደለም፤ ብዙ ቅን የወረዳ ኃላፊዎች የሚያነሱት ነው። ነገር ግን የደቡብ ምዕራብን ክፍል ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚረዳው።

በዚህ ክልል ከአሥር በላይ ነባር ብሔረሰቦች ይኖራሉ፤ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። በቡና ልማት አካባቢ ደግሞ ከዳውሮ፣ ከካፋ፣ ከወላይታና ከከምባታ ለለቀማ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ይጨመራሉ። በአንድ አንደኛ ክፍል ውስጥ ቤንችኛ፣ ካፊኛ፣ ሸክኛ፣ ምኢኒትኛና አማርኛ አፍ የፈቱ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቤንችኛ የቋንቋ ምሁራን ስድስት የድምፅ ቃና እንዳለው የጻፉለት ቋንቋ ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ሆኖ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ብቻ የቃሉን ትርጉም ሊለውጠው ይችላል። ይህን ለምዶ ያደገ ልጅ ፊት ቆሞ በማያውቀው ቋንቋ ፊደል ማስቆጠር ምን ማለት እንደሆነ መምህሩ ሊያውቅ ይገባዋል። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ካፋ ሞቻ ነበር፤ ነገሩ በዚያን ጊዜም ታስቦበታል ማለት ነው። ቤንችኛ ግን ከ15ቱ ውስጥ አልነበረበትም።

እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው መምህር ምን ዓይነት ነው? ትምህርቱን ቆራርሶ የሚያቀርብ፣ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕል፣ በእጅና በዕቃ የሚያስረዳ፣ ስልሳውን እንደ አንድ ሳይሆን አንድ በአንድ የሚያይ፣ "ይህ ልጅ ያልገባው ለምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ መምህር። ይህ ደግሞ ቃል በቃል የልዩ ፍላጎት መምህር የሚሠለጥንበት ነገር ነው። መስማት ለተሳናት ልጅ የተዘጋጀ መምህር አማርኛን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ የምኢኒት ልጅም ይደርስለታል። ያልተዘጋጀው መምህር ለሁለቱም አይደርስም። ስለዚህ ልዩ ፍላጎት በሥልጠናው ዳር ላይ የሚለጠፍ አይደለም፤ በዚህ ምድር የመምህርነት ዋናው ክፍል ነው።

የጤናውንም ጉዳይ መዝለል አይቻልም። ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለው፣ በፈጣን ወንዞች ዳር በምትራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው በጣሊያን ወረራ ዘመን በካፋ ምድር ነው። ከ1993 ጀምሮ በካፋና በሸካ መድኃኒቱ ለኅብረተሰቡ ሲታደል ኖሯል። እዚህ አገር በሽታው ከዓይን ይልቅ ቆዳን ነው በብዛት የሚጎዳው፤ ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ልጅ ግን ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ሰነፍ ሊባል አይገባም። በደጋው በኩል ደግሞ እንቅርት አለ። እንቅርት የሚያመጣው የአዮዲን እጥረት በእርግዝና ጊዜ ሲበረታ የሚወለደውን ልጅ የመማርና የመስማት አቅም ይጎዳል። ደብተሩን ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋውን፣ ሲጠሩት የማይዞረውን ልጅ ቀድሞ ሊያይ የሚችለው ሐኪም አይደለም። መምህሩ ነው። ቀላል የዓይንና የጆሮ ልየታ ማድረግ ለማንኛውም ሠልጣኝ በጥቂት ቀናት ልምምድ የሚገባ ነገር ነው።

ወደ ሙያው የሚገባው ማነው የሚለውም አብሮ ይታይ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ብቻ ነበሩ። እነዚህ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ ከእነርሱም መምህርነትን በመጀመሪያ ምርጫው የሚሞላ ጥቂት ነው። ኮሌጆቹ የሚያገኙት ከቀረው ነው። በዚህ ላይ በደቡብ የአገሪቱ ክፍሎች የመምህራን ደመወዝ ሳይከፈል ወራት የቆየባቸው ጊዜያት ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ከዝቅተኛ ውጤት የተነሳ ሁሉ ደካማ መምህር ይሆናል ማለት ስሕተት ነው። የተማረበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሌለው፣ ሦስት ወር ቡና ለቀማ ላይ የቆየ ልጅ 43 በመቶ ቢያመጣ አቅሙን አይለካም። ቋንቋውን፣ ወንዙን፣ የለቀማውን ወቅት የሚያውቅ ወጣት ነው። ጥያቄው በሦስቱ የኮሌጅ ዓመታት ምን ይጨመርለታል የሚለው ነው።

ጤና ሚኒስቴር በ1990ዎቹ አጋማሽ የገጠር ጤና ኤክስቴንሽንን ሲጀምር ያደረገው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከየቀበሌው አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን መረጠ፤ አንድ ዓመት አሠለጠነ፤ ወደየመጡበት መለሰ። ከሁሉም በላይ ግን መደቡና ጤና ኬላው እየጠበቃቸው ነበር። ሥልጠናውና ሥራው አንድ ላይ ታስበው ነበር።

በልዩ ፍላጎት በኩል መጀመሪያ መታረም ያለበት ይህ ቅደም ተከተል ነው። ክልሉ በየጉድኝት ማዕከሉ ትምህርት ቤት አንድ የልዩ ፍላጎት መምህር መደብ ይክፈት። ከዚያ ሥር ወዳሉት ትምህርት ቤቶች በሳምንት ቀን ለይቶ የሚዘዋወር መምህር ይሆናል። የሚኒስቴሩ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ማስተር ፕላን የድጋፍ መስጫ ማዕከላትን ያለመው በዚሁ መልክ ነው። መደቡ ከተከፈተ በኋላ ሥልጠናውን ቦንጋ ኮሌጅና በ1999 የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሊጋሩት ይችላሉ። ሁሉን ነገር ከዜሮ መጀመርም አያስፈልግም። የምልክት ቋንቋና የብሬል አሠልጣኞች ከአዲስ አበባና ከሰበታ በክረምት ይምጡ። ለነገሩ አንድ አሠልጣኝ ወደ ሚዛን ማምጣት ሠላሳ መምህራንን ወደ ሰበታ ከመላክ ይረክሳል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው አሠልጣኝ ቢሆኑ ደግሞ ቋንቋው ከባለቤቱ ይገኛል።

ገንዘቡስ? በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ቡና ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች። ከዚህ ውስጥ የቤንች ሸኮ፣ የሸካና የካፋ ቡና ድርሻ ትንሽ አይደለም። በ"ትምህርት ለትውልድ" ንቅናቄ አርሶ አደሩ ከኪሱ አዋጥቶ የመማሪያ ክፍል ሲሠራ ታይቷል። ለግድግዳ የሚያዋጣ ሕዝብ ልጁን የሚያስተምር ሰው እንዲመደብለት መጠየቁ ብዙ አይደለም።

ሠልጣኞቹን ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሚቀጥለው ሐምሌ ለክረምት ትምህርት ሻንጣቸውን ይዘው ከሚመጡት መምህራን መካከል ክፍላቸው ውስጥ የማይሰማ ወይም የማያይ ልጅ አጋጥሟቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው የጠፋባቸው ብዙዎች ናቸው። በምዝገባው ቀን ያን ልጅ ያገኘ መምህር ሁሉ ስሙንና ትምህርት ቤቱን እንዲጽፍ አንድ ወረቀት ቢቀመጥ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ዝርዝር በዚያው ዕለት ይገኛል። የልጆቹም ዝርዝር እንዲሁ።